ፏፏቴውን ያላየንበት ቀን

ኦገስት 14፣ ሰኞ

ዛሬ ባሕሩ ተዘጋብን። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ኦክቶፐስ መንካት የለም፤ እንዲወልድና እንዲያድግ ይተዋል። ኦክቶፐስ የምወጋበትን ብረቴን ወልውዬ ዘይት ቀባሁና ከጣሪያው ሥር ሰቀልኩት። የጎማ ቡትሴንም አጥቤ ደፋሁት። ሠላሳ አራት ዓመት እዚህ ሮድሪግስ ደሴት እስከ ጉልበቴ ባሕር ውስጥ ስመላለስ የኖርኩ ሴት፣ እነዚህ ሁለት ወራት ሲመጡ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ለዚህ ነው ይህን ደብተር ያወጣሁት። ልጄ ሶላንዥ ለገና ከሞሪሸስ የላከችልኝ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የምትሠራበት ሆቴል ስም አለ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ምን ትጽፋለች ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር። እንግዲህ የመጣልኝን እጽፋለሁ፤ የሚያርመኝ አስተማሪ የለም።

የምሳውን በቆሎና ቦሎቄ ያበሰልኩት በሸውሸዌው እንጨት ነው። ፌብሩዋሪ ላይ አውሎ ነፋሱ ሰብሮ የጣለው፣ አፋፉ ላይ የነበረው ትልቁ ሸውሸዌ። ባሌ ኖርቤር ራሱ ነው በመጋዝ የቆራረጠው። ስድስት ወር ሙሉ አነደድነው፤ አሁን የቀረው አንድ ክምር ነው።

ከወደብ ቢሮ ለኖርቤር ደብዳቤ መጣ። “አንብቢልኝ፣ እጄ ዘይት ነው” አለኝ። እጁን አየሁት፤ ንጹሕ ነው። አነበብኩለት። የጀልባ መንጃ ፈቃዱ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ መታደስ አለበት፤ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ዓይንም ይመረመራል። “ገና ነው” ብሎ ደብዳቤውን ከሬዲዮው ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ሻይ ሲቀዳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እነዚህ አዲሶቹ ኩባያዎች አፋቸው ጠባብ ነው። ሶላንዥን ሌላ እንድትልክ እነግራታለሁ።

ኦገስት 19፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ከሴቶቹ ጋር የባሕር ዳር ቆሻሻ ለቀማ አለ፤ ባሕሩ ሲዘጋ የሚሰጠን ሥራ እሱ ነው። ጎረቤቴ ኤሜሊን ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ነው ብረት የያዘችው፤ ያሰበችውን እንዳሰበችው ነው የምትናገረው።

“ያንቺ ሰውዬ ምን ነካው፣ ሀብታም ሆነ እንዴ? እጄ እስኪገነጠል ባውለበልብለት እንደ ግድግዳ አለፈኝ።”

“ሐሳብ ይዞት ነው።”

“ምን ሐሳብ?”

“የጀልባ።”

ድምፅ ብታሰማ ኖሮ ይመልስላት ነበር። ሰው በእጅ ብቻ ሰላም ይባላል እንዴ?

ኦገስት 27፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኖርቤር ክርኔን ይዞ ነው የሄደው። ደረጃውንም፣ ቁልቁለቱንም፣ እስከ ደጃችን። እጮኛሞች ሳለን እንኳ እንዲህ ይዞኝ አያውቅም፤ ያኔ አሥር እርምጃ ከፊቴ ነበር የሚሄደው። ሴቶቹ ከኋላችን፣ “ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸው ገና አሁን መሞቃቸው ነው” ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሌላም አለ። ባሕሩ እስኪከፈት ከለቀማው በቀር ሥራ ስለማይኖረኝ፣ እንግዶችን ወፎቹን ለማሳየት ወደ ኮኮ ደሴት ሲወስድ አብሬው ጀልባ ላይ እንድውል ጠየቀኝ። “ሴት ያለችበትን ጀልባ እንግዳ ይወዳል” ይላል። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ፤ የሚመጣውን ጀልባ ሁሉ እነግረዋለሁ። “የማክሲም ናት፣ በቀኝ በኩል” ስለው፣ “አየኋት” ይላል። ማክሲም የኤሜሊን ባል ነው። ወሬ ለማሳመር ነው እንግዲህ፤ እኔ ደግሞ ወሬ መቼ አንሶኝ።

ስንመለስ በሁለት ዐለቶች መካከል የምንገባበት በር ጠባብ ነው። የድሮ ጀልበኞች ምልክታቸው ሸውሸዌው ነበር። ሸውሸዌው ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጋር ሲገጥም መሪው ወደ ግራ ይዞራል። የኖርቤር አባትም፣ አያቱም እንዲሁ ነው የገቡት። አሁን ዛፉ ስለሌለ ሌሎቹ አዲሱን ነጭ የውኃ ታንከር ያያሉ። ኖርቤር ግን ምንም የሚያይ አይመስልም፤ ዝም ብሎ ይገባል። “በእንቅልፌም እገባለሁ” ይላል። እኮራበታለሁ።

ኦገስት 31፣ ሐሙስ

ማክሰኞ ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነርሷ ስትዘገይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ሳይ ቆየሁ። እራት ላይ እንዲሁ ለወሬ ያህል ብነግረው ኖርቤር ማንኪያውን አስቀመጠ።

“ፊደሎቹን ታስታውሻቸዋለሽ?”

“ምን ሊያደርጉልህ?”

“እንዲሁ። ጨዋታ ነው።”

ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ፣ ግፊቴን እንደገና ለኩኝ ብዬ። ከትልቁ ፊደል ጀምሬ እስከ ትንንሾቹ ገለበጥኳቸው። የሚቀጥለው ገጽ ላይ አሉ። ኖርቤር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በልጅነታችን ትምህርተ ክርስቶስ እንደምንሸመድድ በዜማ ይሸመድዳቸዋል። ጥሩ ጭንቅላት አለው። ሰው በዚህ ዕድሜው አዲስ ነገር ቢማር ምን ይጎዳል?

ነርሷ ግን፣ “ግፊትሽ ከማክሰኞው ጨምሯል፣ ምን አስደነገጠሽ?” አለችኝ።

ሴፕቴምበር 3፣ እሑድ

ሶላንዥ ደወለች። የጋብቻችን ሠላሳኛ ዓመት ስለሆነ ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጣለች። አንድ ሳምንት ሞሪሸስ፣ እሷ ቤት፤ አንድ ቀን ሙሉ ደግሞ በመኪና የሚያዞረን ሰው አዘጋጅታለች። እኔ ኖርቤር እምቢ ይላል ብዬ መልሱን ለእሷ እንዴት እንደማለሳልስ እያሰብኩ ነበር። ጀልባዋን ትቶ የትም ሄዶ አያውቅማ። እሱ ግን፣

“እንሂድ። አንድ ጊዜ ልየው” አለ።

“ምኑን?”

“ሁሉንም።”

ሴፕቴምበር 11፣ ሰኞ

ደረስን። ደክሞኛል፣ አጭር ነው የምጽፈው። አውሮፕላኑ ላይ የመስኮቱን ቦታ ለእኔ ለቀቀልኝ፤ ባሕር የሚወደው እሱ ሆኖ ሳለ። የሶላንዥ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው። መጀመሪያ ስንወጣ ተደናቅፎ ግንባሩን ከግድግዳው አጋጨ፤ መብራቱ ደካማ ነው። ከዚያ ወዲህ በወጣን በወረድን ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሰማሁት። ይቆጥራል። አሥራ አራት፣ መታጠፊያ፣ እንደገና አሥራ አራት።

እኛ አገር እኮ አይደናቀፍም።

ሴፕቴምበር 14፣ ሐሙስ፣ ንጋት

ቤቱ ተኝቷል። እኔ በረንዳው ላይ ነኝ። ትናንት የዋልነውን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አድርጌ ነው የማስታውሰው፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሾፌሩ ሱራጅ ይባላል፤ ከሶላንዥ ጋር የምትሠራ ልጅ ወንድም ነው። እሱና ኖርቤር ገና በሩ ላይ ተጀማመሩ።

“አጎቴ፣ ሁለት ሰዓት ተባብለን ሁለት ሰዓት ወረዱ። ሮድሪግስ ውስጥ ሰዓት አለ እንዴ? እኔ በፀሐይ ነው የምትሄዱ መስሎኝ ቀስ ብዬ ልመጣ ነበር።”

“ሰዓትማ አለን፤ እናንተ ስትሯሯጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ የምናየው በሱ ነው።”

ሱራጅ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሳቀ። እኔም ልቤ ቀለል አለኝ፤ ጥሩ ቀን እንደሚሆን ታወቀኝ።

መጀመሪያ የእሳተ ገሞራውን ጉድጓድ አየን። ክብ ነው፣ ዙሪያውን ጥድ ነው፣ ታች አረንጓዴ ውኃ ተኝቶበታል። ኖርቤር ነፋሱ ላይ ፊቱን ሰጥቶ “ጥልቅ ነው” አለ። ጥልቅ ነው፤ ልክ ነው። ሌላ ምንም አላለም። ሰውዬው መሬት ብዙ አይወድም።

ቀጥሎ ሂንዱዎቹ የሚሳለሙበት ሐይቅ ሄድን። ሱራጅ ጫማውን አውልቆ ጸለየ፤ “ለእናንተም ጨመርኩ” አለን። የአምላካቸው ሐውልት እዚያ በር ላይ ቆሟል፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ማማ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ኖርቤር ግርጌው ላይ ቆሞ፣ “የታለ ትልቅ የሚሉት?” አለኝ በጆሮዬ። ትከሻውን ይዤ ወደ ላይ አቀናሁት። ፎቶ ላነሳው ብዬ ነው። ከዚያ ዳል ፑሪ ገዝተን፣ ያን ቀጭኑን በክክ የተሞላ ቂጣ፣ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጦጣ በፊት ለፊቱ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ፣ ዳል ፑሪውን ከእጁ ወስዶ ሄደ። ሰው ሁሉ ሲያየው ነበር። ኖርቤር እጁ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው የደነገጠው። ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ከሁላችንም ዘግይቶ።

“አጎቴ፣ እንዴት ዝም ብለው ሰጡት?” አለ ሱራጅ።

“ርቦት ነው” አለ ኖርቤር።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ሱራጅ ከንፈሩን መጠጠ። ከተራራው ጉም ወርዶ ሸለቆውን እንደ ወተት ሞልቶታል። መመልከቻው ላይ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው የብረት አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ጉም ያነሳል። ያለው ድምፁ ብቻ ነው፣ ከሥራችን ያጉረመርማል። አንዲት ሴት ባሏን፣ “ይህንን ለማየት ነው እንግዲህ በሌሊት የቀሰቀስከኝ” ትለዋለች።

ኖርቤር መኪናው ጋ ውኃ ሲጠጣ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር የሴትየዋን አልሰማም። መጣና ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ። ባርኔጣውን አወለቀ።

“አቤት” አለ ጮክ ብሎ። “እንዴት ነጭ ነው። ከላይ እስከ ታች እንደ መጋረጃ። ማርሊን፣ አየሽ እንዴት እንደሚወርድ?”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፣ ከዚያ ሳቁ። ሱራጅ ሆዱን ይዞ፣ “አጎቴ ጉደኛ ናቸው፣ ያልታየውንም አሳዩን” አለ። ያቺ የተኮሳተረች ሴትዮ እንኳ ሳቀች። ኖርቤርም ፈገግ አለ፤ የሚሳቅበት ነገር ያልገባው ሰው የሚያሳየውን ዓይነት ፈገግታ። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ፊት ነው፤ ይህን ግን አላውቀውም ነበር።

እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅኩ። ቀልደኛ ባል ነው ያለኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ኖርቤር ድሮም ቀልደኛ እንደሆነ ለሱራጅ ሳወራለት ሄድኩ።

ባለ ሰባት ቀለሙ አፈር ጋ ስንደርስ ጉሙ የለም፣ ፀሐይ ነው። ኮረብታ ኮረብታ ሆኖ የተኛ አፈር ነው፣ ሣር አያበቅልም፣ በእንጨት አጥር ተከልሏል። ኖርቤር አጥሩን ያዘና ዝም አለ። ከዚያ በፊት ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ነገር ይል ነበር፤ አሁን ግን የሳቁበት ነገር ሳያስፈራው አልቀረም፣ አፉን ጠብቆ ይዟል። እንዲያ ቆሞ ሳየው ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ መናገር ጀመርኩ።

“ያ ከፊት ያለው” አልኩት፣ “ገመድ ላይ ሦስት ቀን የዋለ ኦክቶፐስ ቀለም ነው።”

አንገቱን ወደኔ አዘነበለ።

“ከሱ በላይ ያለው ጉበት ነው፣ ጥሬ ጉበት። ከዚያ የአባትህ ሸራ፣ ያ ዝናብ መትቶት የቀላው፣ ትዝ ይልሃል?”

“ትዝ ይለኛል።”

“ከዚያ ቢጫ አለ። የእናትህ የሎሚ አቻር፣ ያ በቅመም የሚቀመጠው፣ ማሰሮው ከተከፈተ በኋላ። ከሱ ቀጥሎ ዝገት፣ የጀልባዋ መልሕቅ። ከዚያ ደግሞ ወይን ጠጅ ነው፤ ኤሜሊን ለፋሲካ የምትለብሰው ቀሚስ።”

“ያ አስቀያሚው?”

“መሬት ላይ ሲሆን ያምራል።”

ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ከሰው እኩል የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። “ስድስት አልሽ። ሰባተኛውስ?”

ሰባተኛው ሩቅ ነው፣ ጥላ ሥር፣ ስም አላገኘሁለትም። “ሰባተኛው” አልኩት፣ “ሲመሽ አንተን ስጠብቅ፣ ጀልባዋ ከመታየቷ በፊት ባሕሩ የሚሆነው ቀለም ነው።”

አጥሩ ላይ ያለውን እጄን ፈልጎ አገኘውና ያዘው። ሱራጅ ከኋላችን ቆሞ ሲሰማ ኖሯል፤ “አክስቴ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሳመጣ ይህን አፈር እንዲህ ያየው የለም” አለኝ። እኔ ደግሞ አፈርኩ፤ ሰው ፊት ባሌን ማባበል አልለመድኩም።

መጨረሻ ላይ ትልቁ ዐለት ተራራ ከባሕር የሚገናኝበት ከፍታ ላይ አቆመን። ታች ውስጠኛው ባሕር፣ ከዚያ ነጭ የአረፋ መስመር፣ ከዚያ ጥልቁ። ሱራጅ ሊፈትነው ፈለገ። “አጎቴ ባሕረኛ ነዎት። ጀልባ ቢሰጥዎ በዚያ አረፋ በየት በኩል ይገባሉ?”

ነፍሴ ወጣች። ኖርቤር ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ወደ አንድ ወገን አዘነበለ፣ ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። “በዚያ። ድምፁ የሚሳሳበት ጋ።”

“ልክ ነው” አለ ሱራጅ። “ዓሣ አጥማጆቹ በዚያ ነው የሚገቡት።”

ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚያመለክት። ይኸው ያያል፣ አልኩ ለራሴ። ቤት እስክንደርስ ደጋግሜ አልኩት።

መኪና ውስጥ፣ “ዛሬ ብዙ አወራሽ” አለኝ።

“ሰለቸህ?”

“አይ። ነገም አውሪ።”

ሴፕቴምበር 18፣ ሰኞ

ቤታችን ነን። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሶላንዥ ወደ ጎን ወስዳኝ፣

“እማዬ፣ አባዬን ሐኪም ይየው።”

“የሥራ ድካም ነው።”

“ደረጃ ሲቆጥር ሰምቼዋለሁ፣ እማዬ።”

“ሰው ደረጃ ይቆጥራል፣ ምን አለበት።”

አቅፋ ስትስመኝ ጉንጬ ረጠበ። የሷ ነው የኔ፣ አላወቅኩም። ኖርቤር ደጃችን ሲደርስ ክርኔን ለቀቀና ቀጥ ብሎ ገባ፣ ኩባያውን ከመስቀያው አወረደ፣ ወንበሩን ሳበ። አየሽ ሶላንዥ፣ አልኩ በሆዴ።

ሴፕቴምበር 28፣ ሐሙስ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሁለት ሙሽሮች ነበሩ፣ ከሬዩኒየን ደሴት። እሷ ገና ልጅ ናት፣ ቀለበቷን እያሽከረከረች ስታይ ነበር የዋለችው። ከኮኮ ደሴት ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ የውኃው ድምፅ ከሁሉም በኩል አንድ ሆነ። በሩ ጋ ቀረብን። ኖርቤር መሪውን ይዞ፣ ለእንግዶቹ ሁልጊዜ እንደሚያስረዳው፣ “አያችሁ፣ ሸውሸዌው ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጋር ገጠመ፤ አሁን ወደ ግራ” አለ።

አፋፉን አየሁ። ምንም የለም። ሰማይ ነው ያለው። ሸውሸዌውን እኮ ስድስት ወር ሙሉ ስናነደው ነው የከረምነው።

መጮኽ ነበረብኝ። ለመጮኽ ጊዜ ነበረኝ። እሱን ሰው ፊት እንዳላዋርደው ብዬ አፌን ያዝኩ፤ ያቺ ልጅ ቀለበቷን ስታይ አየሁ፤ አሁንም አፌን ያዝኩ። ጀልባዋ ዐለቱን ፋቀች። ድምፁ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሙሽራዋ ወደ ፊት ወድቃ አገጯ ተቀደደ፣ ደሟ ነጭ ሸሚዟ ላይ ወረደ። ባልየው ጮኸ። ጀልባዋ ተንሸራትታ አለፈች። ኖርቤር መሪውን ሁለት እጁ እስኪነጣ ይዞ፣ ወደኔ ሳይሆን እኔ ወደሌለሁበት ዞሮ፣ “ማርሊን? ማርሊን?” ይላል።

እኔ ምን አልኩ? ፎጣውን በአገጯ ላይ ይዤ፣ “አይዞሽ ልጄ፣ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች፣ ሰላምታዋ ነው” አልኳት። አመነችኝ። አመሰገነችኝም።

ዐለቱ አንድ ክንድ ወደዚህ ቢሆን ኖሮ። ከፊት ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ። ፊደሎቹንም የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ኦክቶበር 5፣ ሐሙስ

ሱቅ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። “ኖርቤር ሰክሮ ነበር አሉ።” “በዚህ ዕድሜው ጀመረ?” ወጥቼ ልሳደብ ነበር፤ ተውኩት። ቤት መጥቼ ለእሱ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። የጀልባዋን ሆድ በመዳፉ እየዳበሰ፣ የተፋቀውን በጣቱ እየፈለገ ሲጠግን ነው ያገኘሁት።

“ይበሉ” አለ። “የሰከረ ሰው ነገ ይበርድለታል።”

እንግዶቹን ማክሲም እየወሰደልን ነው። ኖርቤር፣ ሞተሩ ተበላሽቶ ነው ይላል። ማታ ማታ ፊደሎቹን ይሸመድዳል። የታችኛው ረድፍ ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል። እኔ አርመዋለሁ።

ኦክቶበር 11፣ ረቡዕ

ምሳ እያበሰልኩ ነበር። ዓርብ ሐኪም ጋ ቀጠሮው ነው። ደጃፉ ላይ ሆኖ ጠራኝ።

“ደብተርሽን አምጪና አንዴ አንብቢልኝ። የታችኛው ጠፍቶብኛል።”

“ገጹ የለም።”

“የት ሄደ?”

“ከድስቱ ሥር። እሳቱን ያቀጣጠልኩት በሱ ነው።”

እንቁላል ሲሰበር እንኳ የሚጮኽ ሰው፣ ቀስ ብሎ ገብቶ ወንበሩን ሳበና ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ሸተተው መሰለኝ።

“ሸውሸዌው ነው?”

“የመጨረሻው ጉማጅ።”

“ያን ቀን ሸውሸዌው ገጠመ አልኩ፣ አይደል?”

“አልክ።”

“ራሴ እኮ ነኝ የቆረጥኩት።”

“አንተ ነህ።”

“ዓይኔን ስጨፍን እዚያው ቆሞ ነው የማየው። ስገልጠውም ያው ነው።” እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ፣ ወደ ሙቀቱ። “ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?”

ከኩባያው ልበል፣ ከደብዳቤው፣ ከክርኔ? “ፏፏቴው ጋ” አልኩት።

“ፏፏቴው ጋ ምን አደረግኩ?”

“ጉም ነበር፣ ኖርቤር። ምንም አይታይም ነበር። ለማንም።”

“ለዚህ ነው የሳቁት።”

“ለዚህ ነው።”

“አንቺም ሳቅሽ። ሰምቼሻለሁ።”

“ሳቅኩ።”

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ማማሰያውን ጣልኩ። እየሳቀ ነው። “እንደ መጋረጃ አልኩ እኮ” ይላል፣ “እንደ መጋረጃ!” እኔም ያዘኝ። ሁለታችንም እየሳቅን ጀምረን፣ የጨረስነው በሌላ ነው፤ እሱን አልጽፈውም።

ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ “እንግዲያው አንቺም አላየሽውም” አለኝ።

“አላየሁም።”

“ሰማሽው እንጂ።”

“ሰማሁት።”

“እንደኔ።”

“እንዳንተ።”

ቦሎቄው አረረ። ያረረውን በላን። ሳህኑን ሲያስቀምጥ፣ “ዓርብ አንቺ ውሰጂኝ” አለ።

ኦክቶበር 13፣ ዓርብ

ሰሌዳው ፊት ቆመ። ነርሷ “ከላይ ይጀምሩ” አለችው። አፉ ሊከፈት ሲል አየሁት። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል፣ ከታችኛው ረድፍ በስተቀር። አፉን መልሶ ዘጋው። “አይታየኝም” አለ። “ግድግዳ መኖሩንም የማውቀው ሰሌዳ ይሰቀልበታል ብዬ ነው።”

ሐኪሙ ብዙ ዓመት የቆየ በሽታ ነው አለ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረው እንዳይሄድ ጠብታ በየቀኑ፣ በየጊዜው ሞሪሸስ ሄዶ መታየት። ፈቃዱ አልታደሰም። ወረቀቱን እኔ ያዝኩ። ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ክርኔን ያዘ፤ ዛሬ ግን ሁለታችንም ለምን እንደያዘኝ እያወቅን ነው።

ለሶላንዥ ደወልኩላት። ለዚያች ሙሽራም ልጽፍላት አስቤአለሁ። አድራሻዋን ከማክሲም አገኛለሁ፣ እሱ ነው ወደ አውሮፕላኑ ያደረሳት። ሰላምታ እንዳልነበረ ልነግራት ይገባል።

ማክሲም ጀልባዋን ይነዳል፣ ኖርቤር ከፊት ተቀምጦ ይሰማል። ኤሜሊን ስትሰማ ምንም አልቀለደችም። “ይቅርታ፣ እንደ ግድግዳ አለፈኝ ብዬ ነበር” አለችኝ።

ኦክቶበር 16፣ ሰኞ

ባሕሩ ተከፈተ። ገና ሳይነጋ ሁላችንም ዳር ላይ ነበርን፣ ባርኔጣና ብረት ብቻ። ፊሽካው ሲነፋ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተንጋጋን። ኖርቤርን አፋፉ ላይ፣ የሸውሸዌው ጉቶ ላይ አስቀምጬው ወረድኩ። ነጭ ሸሚዙን ነው የለበሰው፤ ለበዓል ነው አለኝ።

ዘጠኝ ያዝኩ። ሁለት ወር ተኝተው ወፍረዋል። ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ስለነበር ብዙ ርቀን ገብተን ጎንበስ እንዳልን፣ ከአፋፉ ድምፅ መጣ።

“ማርሊን፣ ውኃው ተመለሰ!”

“ምን ይላል ሰውዬሽ፣ ገና ነው” አለች ኤሜሊን። ከዚያ ወደ እግሯ አየች። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን አልፏል። ኦክቶፐሶቿን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

ዐለቶቹ ጋ ስደርስ መተላለፊያውን ለመለየት ቀና አልኩ። አፋፉ ላይ ነጭ ሸሚዙ ይታያል። ትንሽ ተራመድኩ፣ ሌላ ትንሽ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጋር ሲገጥም ወደ ግራ ታጠፍኩ።